በእጅ ማውራት ለምን ተከለከለ?

መስማት ከተሳነው ጓደኛችሁ ጋር ካፌ ገባችሁ እንበል። አስተናጋጁ መጣና የእናንተን ትዕዛዝ ተቀበለ። ቀጥሎ ጓደኛችሁን አየት አደረገውና ፊቱን ወደ እናንተ መልሶ፣ «እሱስ ምን ይጠጣል?» አለ።

አስተናጋጁ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ጓደኛችሁን ላለማስቸገር ብሎ ይሆናል። ግን ልብ በሉ፤ ጓደኛችሁ እዚያው ተቀምጦ ስለ እሱ ተወራ እንጂ ከእሱ ጋር አልተወራም። ማኪያቶ ይሁን ሻይ የሚመልስለት ሌላ ሰው ሆነ።

ይቺን ነገር ያዙልኝ። ዛሬ የምናየው ይኸው የካፌው ስህተት በትልቅ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሲፈጸም ምን እንዳስከተለ ነው። ስብሰባው አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ ጣጣው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አለመስማትና አለማወቅ

መጀመሪያ አንድ የራሳችንን ቃል እንመርምር። «ድንቁርና» ስንል አለማወቅ ማለታችን ነው፣ አይደል? የቃሉ ዘመድ የሆነው «ደንቆሮ» ግን ሁለት ነገር ይዟል፤ የማይሰማንም የማያውቅንም ሰው ይጠሩበታል። ማንም ተቀምጦ ባይወስነውም ቋንቋችን «የማይሰማ አያውቅም» ብሎ ፈርዷል ማለት ነው። እንግሊዝኛም ከዚህ አይሻልም፤ መናገር የማይችልን ሰው ይጠሩበት የነበረው ቃል ዛሬ «ጅል» ለማለትም ያገለግላል። «ደንቆሮ» ሰውን የሚያስቀይመው ለዚህ ነው፤ ስለ ጆሮ የሚናገር መስሎ ስለ አእምሮ ይፈርዳል። ስለዚህ ዛሬ «መስማት የተሳነው» እንላለን።

ይህ ሐሳብ በአውሮፓም ለረጅም ዘመን ሥር ሰዶ ኖሯል። ዕውቀት የሚገባው በጆሮ ነው፣ ጆሮው የማይሰማ ደግሞ ሊማር አይችልም ይባል ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፔድሮ ፖንሴ ዴ ሌዮን የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ መስማት የተሳናቸው የመኳንንት ልጆችን ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አስተማረ። እንደሚችሉ ታየ። ግን የድሃውን ልጅ ማን ያስተምረው?

ከተማሪዎቹ የተማረው ቄስ

በ1760 አካባቢ ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ የተባለ የፓሪስ ቄስ መስማት ከተሳናቸው ሁለት እህትማማቾች ጋር ተዋወቀ። ውሎ አድሮ ቤቱን ትምህርት ቤት አደረገው፤ ድሃ ሀብታም ሳይልም ልጆችን ተቀበለ። ብልሃቱ ምን መሰላችሁ? ልጆቹን ለማስተማር መጀመሪያ ከእነሱ የእጅ ምልክታቸውን ተማረ።

ብዙ ሰው የምልክት ቋንቋን የፈጠረው ደ ሌፔ ይመስለዋል። አልፈጠረውም። ፓሪስ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቀድሞውንም በእጃቸው ያወሩ ነበር። እሱ ያደረገው የፈረንሳይኛን ሰዋስው ለማስተማር የሚረዱ ተጨማሪ ምልክቶችን ማበጀት ነው። የልጆቹ ቋንቋ የራሱ ሰዋስው እንዳለው ግን እሱም በቅጡ አልተረዳም።

ይህንን የሚያውቁት ባለቤቶቹ ናቸው። ፒየር ዴሎዥ በልጅነቱ በፈንጣጣ ምክንያት መስማት ያቆመ የመጽሐፍ ጠራዥ ነበር። በ1779 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መስማት የተሳናቸው የፓሪስ ሰዎች ስለ ፈለጉት ጉዳይ ሁሉ በምልክት እንደሚጨዋወቱ አስረዳ። መስማት የተሳነው ሰው ጽፎ ካሳተማቸው መጻሕፍት የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል።

ከፓሪሱ ትምህርት ቤት ከወጡት አንዱ ሎራን ክሌር ነበር። ክሌር መስማት የተሳነው መምህር ነው። በ1816 ቶማስ ጋሎዴት ከተባለ አሜሪካዊ ጋር አትላንቲክን ተሻገረ። ጉዞው 52 ቀን ፈጀ። በመርከቡ ላይ ክሌር ለጋሎዴት ምልክት ያስተምረዋል፤ ጋሎዴት ደግሞ ለክሌር እንግሊዝኛ ያስተምረዋል። በ1817 ሃርትፎርድ በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈቱ። የዚያ ትምህርት ቤት ምሩቃን ወደ ሌሎች ግዛቶች ሄደው እነሱም መምህር ሆኑ። መስማት የተሳነው ልጅ መስማት በተሳነው መምህር መማሩ የተለመደ ነገር ሆነ።

ሁሉም በእጁ የሚያወራባት ደሴት

ወደ ሃርትፎርድ ከመጡት ተማሪዎች አንዳንዶቹ የማርታስ ቪንያርድ ልጆች ነበሩ። ይህች ደሴት በማሳቹሴትስ ግዛት የባሕር ዳርቻ ትገኛለች፤ ታሪኳም ትንሽ ቆም ብለን ብናየው የሚያስቆጭ አይደለም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመላው አሜሪካ ከስድስት ሺህ ገደማ ሰው አንዱ መስማት የተሳነው ሆኖ ይወለድ ነበር። በማርታስ ቪንያርድ ግን ከ155 ሰው አንዱ! በደሴቷ ላይ ባለችው በቺልማርክ ደግሞ ከ25 ሰው አንዱ። ምክንያቱ የዘር ውርስ ነው፤ ከእንግሊዝ የመጡ ጥቂት ቤተሰቦች ከውጭ ሰው ብዙም ሳይቀላቀሉ ለብዙ ትውልድ እርስ በእርስ ተጋቡ።

ታዲያ ምን ሆነ? የሚሰሙትም የምልክት ቋንቋ ቻሉ። ማንም ኮርስ አልወሰደም፤ ልጅ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲጫወት እንደሚለምደው ለመዱት። ዓሣ አጥማጆች ድምፅ በማይደርስበት ርቀት ከጀልባ ጀልባ በምልክት ይነጋገሩበት ነበር። የሚሰሙ ሰዎች ብቻቸውን ሲሆኑ እንኳ አልፎ አልፎ በእጃቸው ያወሩ ነበር። ኖራ ግሮስ የተባለች አንትሮፖሎጂስት የደሴቷን አዛውንቶች አነጋግራ በ1985 መጽሐፍ አሳተመች። አዛውንቶቹ ስለ ድሮ ጎረቤቶቻቸው ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚነግሯት ጎበዝ ዓሣ አጥማጅ እንደነበሩ ወይም ጥሩ ገበሬ እንደነበሩ ነው። አለመስማታቸው ትዝ የሚላቸው ስትጠይቃቸው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበልና እናስብ። በቺልማርክም በሌላውም አገር ጆሮው ያው ነው፤ አይሰማም። ልዩነቱ የጎረቤቱ ነው። ጎረቤት ቋንቋውን ሲችል አለመስማት ከሥራም፣ ከትዳርም፣ ከመንደር ስብሰባም አላገደም።

ሚላን፣ ሴፕቴምበር 1880

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። ከሴፕቴምበር 6 እስከ 11 ቀን 1880 መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምሩ ሰዎች በጣሊያኗ ሚላን ዓለም አቀፍ ጉባኤ አካሄዱ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ልጆቹ መማር ያለባቸው በምልክት ነው ወይስ በንግግርና ከንፈርን እያዩ?

ከ164ቱ ተሳታፊዎች አብዛኞቹ ጣሊያናውያንና ፈረንሳውያን ነበሩ። መስማት የተሳነው ግን ጄምስ ዴኒሰን የተባለ አንድ አሜሪካዊ ርዕሰ መምህር ብቻ እንደነበር ነው በብዛት የሚጻፈው። በየአገሩ ስንትና ስንት መስማት የተሳናቸው መምህራን እያሉ! በጉባኤው ላይ የሚላን ተማሪዎች በአንደበታቸው ጥያቄ ሲመልሱ ታዩ። አዳራሹ ተደነቀ። አንዳንድ ታዛቢዎች ልጆቹ መልሱን አስቀድመው አጥንተውታል ብለው ቢጠረጥሩም የሰማቸው አልነበረም።

ድምፅ ተሰጠ፤ 160 ለ4። ንግግር ከምልክት እንደሚበልጥ ታወጀ፤ በማስተማሪያነትም ንግግር ብቻ እንዲመረጥ ተወሰነ።

ምን አስበው ነው? ብዙዎቹ ሐሳብ የሚኖረው በንግግር ውስጥ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ምልክት ለእነሱ የቋንቋ ጥላ እንጂ ቋንቋ አልነበረም። ልጁ ከተናገረ ከሚሰማው ሰው ጋር ይቀላቀላል ብለውም ተስፋ አደረጉ። እንደ ካፌው አስተናጋጅ ክፋት አልነበረም። ግን ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሰዎች «እናንተስ?» ብሎ የጠየቀ የለም።

እስቲ መስታወት ፊት ቁሙ

ከንፈር እያዩ መማር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታሰሙ «በራ» በሉ። ቀጥላችሁ «መራ» በሉ። ልዩነቱን አያችሁት? አይታይም። «በ» እና «መ» ሁለቱም ከንፈርን በመግጠም ይነገራሉ፤ የሚለያቸው አየሩ በአፍንጫ ማለፉ ነው፣ እሱ ደግሞ ከውጭ አይታይም። አሁን «ጠራ» እና «ደራ» በሉ። ምላሳችሁ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ልዩነቱ ጉሮሮ ውስጥ ነው። «ከ»፣ «ገ» እና «ቀ» ደግሞ የሚፈጠሩት አፍ ውስጥ ወደ ኋላ ስለሆነ ጭራሽ አይታዩም።

ከንፈር በማንበብ የሠለጠነ ሰው እንኳ ብዙውን ነገር የሚሞላው ከወሬው አካሄድ እየገመተ ነው። ለመገመት ደግሞ ቋንቋውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አማርኛ ሰምታችሁ አድጋችሁ «መብራቱ…» ካላችሁ በኋላ የሚመጣው «በራ» እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከተወለደ ጀምሮ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ግን ያንን ቋንቋ ራሱን ነው ከከንፈር ልቅም አድርጎ እንዲማር የተጠየቀው።

ከሚላን በኋላ በአውሮፓ የመማሪያ ክፍሎች ምልክት ታገደ፤ በአሜሪካም ቀስ በቀስ ንግግር ብቻ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች በዙ። መስማት የተሳናቸው መምህራን ከሥራ ወጡ፤ ራሳቸው የማይሰሙትን ድምፅ እንዴት ያርማሉ ተባለ። በእጁ ሲያወራ የተያዘ ልጅ መዳፉን ይመታ ነበር፤ እጁ ላይ እንዲቀመጥ የሚታዘዝም ነበር። አንዲት ቃል በትክክል ለማስወጣት ሰዓታት ሲያልፉ ሒሳቡም ታሪኩም ይጠብቃል። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፦ የሕፃን አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ያ ጊዜ የተሟላ ቋንቋ ሳያገኝ ካለፈበት በኋላ ማካካሱ እጅግ ይከብዳል።

ቴሌፎንን በመፈልሰፍ የምናውቀው አሌክሳንደር ግርሃም ቤልም በአሜሪካ የንግግር ትምህርት ዋነኛ ደጋፊ ነበር። እናቱም ሚስቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። ቢሆንም በ1883 ለሳይንስ ሰዎች ባቀረበው ጽሑፍ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በእርስ መጋባታቸውን እንደ አደጋ ቆጠረው። ሰውን መውደድና የሰውን ሐሳብ ማዳመጥ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ቋንቋው ግን አልሞተም

ቋንቋ በድምፅ ብልጫ ይጠፋል እንዴ? ልጆቹ መምህሩ ዞር ሲል፣ ማታ በመኝታ ክፍል፣ በሜዳ ላይ በእጃቸው ያወሩ ነበር። ትልልቁ ለትንንሹ ያስተምራል። በአሜሪካ በዚያው በ1880 መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። በ1913 የማኅበሩ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቬዲትስ ገና አዲስ በነበረው በፊልም ካሜራ ፊት ቆሞ ስለ ምልክት ቋንቋ መጠበቅ በምልክት ንግግር አደረገ። ድምፅ አልባው ፊልም ለዚህ የሚስማማ ነበር።

በ1955 ዊልያም ስቶኪ የተባለ የሚሰማ መምህር በዋሽንግተን በሚገኘው መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በሚማሩበት በጋሎዴት ኮሌጅ እንግሊዝኛ ለማስተማር ተቀጠረ። ተማሪዎቹ ሲያወሩ ሲያይ አንድ ነገር ገባው። ምልክቶቹ የነገር ሥዕል ብቻ አይደሉም፤ ከትንንሽ ክፍሎች የተገነቡ ናቸው፦ ከእጅ ቅርጽ፣ ምልክቱ ከሚሠራበት ቦታና ከእንቅስቃሴ። «በራ» እና «መራ» በአንድ ድምፅ እንደሚለያዩት ሁሉ፣ በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ «ፖም» እና «ሽንኩርት» የሚለያዩት በቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ ጉንጭ ላይ፣ ሌላው ዓይን አጠገብ። ስቶኪ ይህንን በ1960 አሳተመ። ብዙ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። በ1965 ግን መስማት ከተሳናቸው ከካርል ክሮንበርግና ከዶሮቲ ካስተርላይን ጋር መዝገበ ቃላት አወጣ። ዛሬ የምልክት ቋንቋዎች ሙሉ ቋንቋ መሆናቸውን የሚጠራጠር የቋንቋ ሊቅ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚያ 1988 መጣ። ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ከተመሠረተ 124 ዓመት ቢሆነውም መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ኖሮት አያውቅም። በማርች ወር ቦርዱ መስማት ከተሳናቸው ዕጩዎች ይልቅ የምትሰማ፣ የምልክት ቋንቋ የማትችል ሴት መረጠ። ተማሪዎቹ የግቢውን በር ዘጉ፤ ወደ ምክር ቤቱም ሰልፍ ወጡ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ተመራጯ ለቀቀች፤ ኪንግ ጆርዳን የመጀመሪያው መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ። ተማሪዎቹ የጠየቁት የሚላንን ተቃራኒ ነው፤ ስለ እኛ ሲወሰን እኛም እንኑር።

በመጨረሻም በጁላይ 2010 ያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በካናዳዋ ቫንኩቨር ሲሰበሰብ የሚላንን ውሳኔዎች በይፋ ውድቅ አደረገ፤ ላስከተሉት ጉዳትም ጸጸቱን ገለጸ። 130 ዓመት መሆኑ ነው።

እኛስ ጋ?

በዚያው በ2010 ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። ስምምነቱ «ቋንቋ» የሚለውን ሲተረጉም የሚነገሩትንም በምልክት የሚገለጹትንም ያካትታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ራሱን ችሎ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል።

ፊደላችን በጣት ሲጻፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በጣም ያምራል። የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ዘር ያሳያል፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ቤቶች ደግሞ የሚለዩት በእጁ እንቅስቃሴ ነው። «ለ»ን ይዛችሁ እንቅስቃሴውን ስትቀይሩ «ሉ»፣ «ሊ»፣ «ላ» ይሆናል። ይህ የሚጠቅመው ለስምና ለአንዳንድ ቃል ነው። ቋንቋው ራሱ ግን በእጅ የተነገረ አማርኛ እንዳይመስላችሁ፤ የራሱ ሰዋስው አለው።

እና ምን እናድርግ?

ከዚህ ታሪክ «ምልክት ጥሩ፣ ንግግር መጥፎ» የሚል ትምህርት ይዛችሁ እንዳትሄዱ። መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ውስጥ በምልክት ማውራት የሚመርጥ አለ፤ ከንፈር የሚያነብ አለ፤ የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀም አለ፤ ጽሑፍ የሚቀናውም አለ። የሚላን ስህተት ለሁሉም አንድ መንገድ መርጦ ሌላውን መከልከሉ ነው፤ ያውም ሳይጠይቅ። ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር መጠየቅ ነው። ስልካችሁ ላይ «እንዴት ብናወራ ይመችሃል?» ወይም «ይመችሻል?» ብላችሁ ጽፋችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ታላቅ ከሆኑ ደግሞ «ይመችዎታል?» በሉ፤ አለመስማት አንቱታን አያስቀርም።

ሰውየውን ለመጥራት እጃችሁን አውለብልቡ ወይም ትከሻውን ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉ። ብርሃን ከኋላችሁ አይሁን፤ ፊታችሁ ይታይ። አፋችሁን በእጅ አትሸፍኑ፣ ማስቲካም አታኝኩ። መጮህ አይረዳም፤ የከንፈርን ቅርጽ ያበላሻል። አስተርጓሚ ካለ የምታዩትም የምታናግሩትም ባለጉዳዩን ነው፤ «ንገረው»፣ «ጠይቃት» አያስፈልግም። ያላችሁት ካልገባው በሌላ ቃል ድገሙት ወይም ጻፉት። «ተወው፣ ምንም አይደል» ግን አትበሉ። ሁሉም ሲስቅ ምን እንደተባለ ጠይቆ ይህን መልስ ያገኘ ሰው ከወሬው ውጪ መሆኑ ተነግሮታል።

አሁን ወደ ካፌያችን እንመለስ። አስተናጋጁ እናንተን እያየ «እሱስ ምን ይጠጣል?» ብሏል። አትቆጡት፤ ማንም አልነገረው ይሆናል። ፈገግ ብላችሁ ወደ ጓደኛችሁ አመልክቱና «እሱን ጠይቀው» በሉት። ከዚያ ጓደኛችሁ በጣቱ ዝርዝሩ ላይ ይጠቁማል፣ ወይ ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ወይ በምልክት «ቡና» ይላል። እንዴት እንደሚል ካላወቃችሁ ቡናው እስኪመጣ እንዲያስተምራችሁ ጠይቁት።